የሳቢሳዎቹ ዓመት

ሲና ዳዲ የአሜሪካ ፉትቦል እያየች እንጀራዋን መብላት ከጀመረች ሦስት ዓመት ሆኗት ነበር፤ ጨዋታውን ግን አንድም ቀን ወዳው አታውቅም። ስታትስቲክስ ተምራ፣ ሥራ ፍለጋ የሁለት ጫማ ተረከዝ ከጨረሰች በኋላ ያገኘችው ይህንን ነው። ድርጅቱ ለቡ መብራት ኃይል፣ ምድር ቤቱ የቧንቧ ዕቃ መሸጫ የሆነ ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ከባሕር ማዶ ያሉ ክለቦች የጨዋታ ቪዲዮ ይልካሉ፤ እዚህ ያሉት ልጆች እያንዳንዱን ቅጽበት እያዩ ማን የት እንደቆመ፣ ማን ማንን እንደገፋ፣ ማን እንደተሸነፈ ምልክት ያደርጉበታል። እዚያ ያለው አሰልጣኝ ከእንቅልፉ ሲነሳ የሚፈልገውን ቁራጭ ተለይቶ ያገኘዋል።

ቪዲዮው ድምፅ የለውም። ጩኸት የለ፣ ማስታወቂያ የለ፣ ውጤት የሚያሳይ ሰሌዳ የለ። ሃያ ሁለት ሰዎች ይሰለፋሉ፣ ይላተማሉ፣ ይወድቃሉ፤ ይቆረጣል። እንደገና ይሰለፋሉ። ኳሷ እንደ እንቁላል ጫፏ የሾለ ናት። አንድ ሰው፣ ቢሮው ውስጥ «ወርዋሪው» የሚሉት፣ ከኋላ ቆሞ ይቀበላትና ወይ ወደ ፊት ይወረውራታል፣ ወይ ለሯጭ ያቀብላታል። ከፊቱ አምስት ግዙፍ ሰዎች ይቆማሉ። እነዚህ ኳስ የሚባል ነገር አይነኩም፤ ሥራቸው ተጋጣሚው ወርዋሪው ዘንድ እንዳይደርስ በደረታቸው መመከት ነው። እነሱን ደግሞ «አጥሮቹ» ይሏቸዋል። የሲና ድርሻ አጥሮቹ ነበሩ። ኳሷን የሚከታተለው አጠገቧ የሚቀመጠው ሚኪ ነው።

ክለቡ ሐይቅ ዳር ያለች የአንዲት ትንሽ የፋብሪካ ከተማ ክለብ ነበር። የሚጫወተው በትልቁ ሊግ ውስጥ አይደለም፤ ትልቁ ሊግ ሲያርፍ በጸደይ በሚጀምረው፣ ከትልቁ የተረፉና ወደ ትልቁ ለመግባት የሚጋፉ ተጫዋቾች በሚሰበሰቡበት በሌላኛው ነው። ዓርማቸው እግረ ረጅም ነጭ ወፍ ነው፤ ሚኪ ገና በመጀመሪያው ቀን «ሳቢሳ አይደል እንዴ ይሄ!» ብሎ ስላወጣላቸው ሳቢሳዎቹ ሆነው ቀሩ። ባለፉት ሁለት ዓመታት ከሊጉ የመጨረሻውን ቦታ የያዙት እነሱ ናቸው። እንግዳ የሚባለው የድርጅቱ ኃላፊ፣ ሥራው ውስጥ ፀጉሩን የጨረሰ ረጋ ያለ ሰው፣ «ብዙ ስለሚሳሳቱ ብዙ ማየት ይፈልጋሉ፤ ለእኛ ጥሩ ደንበኛ ናቸው» ይል ነበር።

በዚያ ዓመትም የየካቲቱን መጨረሻ እንደለመዱት በሽንፈት ጀመሩ። በተከታታይ ሦስት ጨዋታ ተሸነፉ፤ በሦስተኛው ላይ የወርዋሪያቸው ትከሻ ወለቀ። ተጠባባቂው ጨዋታ በማይኖርበት ወቅት ትምህርት ቤት ሒሳብ የሚያስተምር፣ ክንዱ ይህን ያህል የማይባል ሰው ነበር። ሚኪ የመጀመሪያ ቪዲዮውን ሲያይ «ይሄማ ወርዋሪ አይደለም፣ ፖስተኛ ነው» አለ፤ እውነትም ሰውየው ሩቅ አይወረውርም። ቅርብ ቅርቡን፣ እጅ ለእጅ እንደማቀበል፣ ቶሎ ቶሎ ይሰጣል። ይህ ያሸንፋል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። ግን ማሸነፍ ጀመሩ። አንዱን በዕድል አሸነፉ ተባለ፣ ሁለተኛውን ተጋጣሚ ንቋቸው ነው ተባለ፤ ከፋሲካ በኋላ ግን ምክንያት የሚደረድር ጠፋ።

ቢሮው ተለወጠ። ፕሪሚየር ሊግ ካልሆነ ሌላ ነገር የማያወሩት ልጆች ሰኞ ጠዋት ቪዲዮው እስኪወርድ ቆመው መጠበቅ ጀመሩ። ሚኪማ ጭራሽ አበደ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ከወንድሙ ጋር ይኖራል፤ ወንድሙን ሳይቀር የሳቢሳዎቹ ደጋፊ አደረገው። «እኛ» ማለት የጀመረውም ያኔ ነው። «ትናንት እኛ በመከላከል ደካማ ነበርን» ይላል፣ ታክሲ ውስጥ ሆኖ፤ ሰው ዞር ብሎ ያየዋል።

ሲና ግን ያው ነበረች። ማን እንዳሸነፈ የምታውቀው ከሚኪ ፊት ነው። እሷ ፊት ለፊት ያሉት አምስት ጀርባዎች ናቸው፤ ጀርባዎቹ ሲያሸንፉም ሲሸነፉም ያው ይጎነበሳሉ፣ ያው ይነሳሉ። ከአምስቱ አንዱን ግን ከሌሎቹ ለይታ ታውቀዋለች። ከግራ በኩል ሁለተኛ የሚቆመው ባለ ሰባ አንድ ቁጥሩ ነው። ዶውሰን ይባላል። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ለዚያ ጨዋታ ሽማግሌ ነው። ፊቱን አይታው አታውቅም፤ የራስ ቁሩ ከነፍርግርጉ ይሸፍነዋል። ሆኖም ሰው ጎረቤቱን በአረማመዱ ከሩቅ እንደሚለየው ትለየዋለች። ወርዋሪው ሲወድቅ ሄዶ ክንዱን ይዞ የሚያነሳው እሱ ነው። አዲስ ልጅ አጠገቡ ሲቆም፣ ኳሷ ከመነሳቷ በፊት በጣቱ የሚጠብቀውን ሰው ያሳየዋል። አንዳንዴ ደግሞ ሌላው ሁሉ ወደ አዲሱ መስመር ሲሮጥ እሱ እየተራመደ ይሄዳል፤ ግን አርፍዶ አያውቅም።

ሳቢሳዎቹ ለመጨረሻዎቹ አራት ያለፉት አራተኛ ሆነው፣ ያውም ሌላ ክለብ በመሸነፉ ነው። ለፍጻሜ ለመድረስ የሚገጥሙት ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አንድም ጨዋታ ያልተሸነፈውን ክለብ ነበር። የዚያ ሳምንት ሰኞ ሲና አራተኛ ፎቅ ስትደርስ ጩኸቱን ከደረጃው ላይ ሰማችው። አሸንፈዋል። በመጨረሻው ቅጽበት፣ ወርዋሪው ከሁለት ሰው ጭንቅላት በላይ አሻግሮ የወረወራት ኳስ የግቡ መስመር ውስጥ ተይዛ። ሚኪ ያቺን ቁራጭ ደጋግሞ ይከፍታታል፤ ጽዳት የምትሠራውን ሴት ሳይቀር ጠርቶ አሳያት።

«ሲና፣ ነይ እይ እንጂ! ታሪክ እኮ ነው!»

«እደርስበታለሁ» አለችና ቁጭ ብላ ከመጀመሪያው ጀመረች።

ሦስተኛው ሩብ ላይ ነው ያየችው። ሯጩ በመሐል ሲያልፍ ሁለት ሰዎች ከተለያየ አቅጣጫ መጡና ዶውሰን መሐላቸው ገባ። የአንደኛው ጉልበት የራስ ቁሩን ከጎን መታው። ወደቀ፣ ወዲያው ተነሳ። የወደቀ ሁሉ ይነሳል፤ እሱም ተነሳ። ቀጣዩ ቁራጭ ሲመጣ ግን ዶውሰን የቆመው በቀኝ በኩል፣ በሌላ ሰው ቦታ ላይ ነበር። የቦታው ባለቤት መጥቶ አየው። ከዚያ ማልያውን ይዞ፣ እንደ ልጅ እየጎተተ፣ ወደ ግራ ወሰደው። ዶውሰን በቦታው ተጎነበሰ። ኳሷ ተነሳች፤ ፊቱ ያለውን ሰው በደንብ መከተው።

ሲና ቁራጩን መልሳ አየችው። ከዚያ የሚቀጥሉትን አየች። እስከ ጨዋታው መጨረሻ ሥራውን በትክክል ሠርቷል፤ እንዲያውም ሁለቴ ከወትሮው የተሻለ ነጥብ ሰጠችው። ግን በየመሐሉ፣ ሌሎቹ ሲያወሩ፣ እሱ ለብቻው ቆሞ ቀኝ መዳፉን ጭኑ ላይ ይጠርጋል። አንድ ነገር የተጣበቀበት ይመስል፣ ይጠርጋል፣ ያየዋል፣ መልሶ ይጠርጋል።

እጇን ከማውሱ ላይ አነሳች። ይህንን ነገር ታውቀዋለች።

አባቷ አቶ ዳዲ ግንበኛ ነበሩ። ከወለጋ መጥተው ሀና ማርያም ሲሰፍሩ ቤተ ሰቡን ያቆሙት በዚሁ ሙያ ነው፤ ከጀሞ ሕንጻዎች ስንቱ ላይ እጃቸው እንዳለበት ራሳቸውም አያውቁትም። ሲና ስምንተኛ ክፍል ሳለች ከእንጨት መወጣጫ ላይ ወደቁ። ተነሱ። «ምንም አልሆንኩም» አሉ፤ መዳፋቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉና ሥራቸውን ቀጠሉ። የቀጠሉት ግን የራሳቸውን አልነበረም፤ ሌላ ሰው የጀመረውን ግድግዳ ነበር። ሠራተኞቹ ሳቁባቸው። እስከ ማምሻው ሠሩ፣ በማግስቱም ገቡ፤ በሳምንቱ የአሸዋ ጆንያ ተሸክመው እንደገና ወደቁ። ከዚያ ወዲህ ቤት ናቸው። ይራመዳሉ፣ ይበላሉ፣ ይጸልያሉ፤ ግን ጠዋት የተነገራቸውን ማታ አያውቁትም፤ አንዳንዴም እንደ ሌላ ሰው ይቆጣሉ።

ከምሳ በኋላ ቁራጮቹን ይዛ እንግዳ ዘንድ ገባች። እንግዳ ሁሉንም አየ። አንዱን ሁለቴ አየው።

«ተሳስቶ ነው የቆመው» አለ።

«በሦስት ዓመት አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም።»

«ሲና፣ እዚያ ሐኪም አላቸው። ሜዳው ጠርዝ ላይ ቆሞ የሚያይ ሐኪም። እኛ ከዚህ ሆነን፣ ድምፅ በሌለው ቪዲዮ…» እጁን ዘረጋ። «የተዋዋልነው ማን ማንን እንደመከተ ልንነግራቸው ነው። ጤናው የእኛ ጉዳይ አይደለም። ደግሞ አስቢው፤ ለፍጻሜ ደርሰዋል። ዓመቱን ሙሉ ያልተጠየቅነውን ተናግረን አናውቅም፤ ዛሬ ተነስተን ‹ይሄ ሰውዬ ታሟል› ብንልና ባይሆንስ? ዝም አይነቅዝም።»

«ከሆነስ?»

«ከሆነ እነሱ ያውቁታል።»

በሩ ክፍት ነበርና ሚኪ ሰምቷል። ወንበሯ ላይ ከመቀመጧ ወንበሩን አስጠግቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የምርሽን ነው? ዶውሰንን? ያለ እሱ እኮ ግራው ባዶ ነው። ወርዋሪያችንን ይገድሉብናል።»

«የእኔ ወርዋሪ አይደለም።»

«እሺ የእኔ ነው። ቅዳሜን ይጫወት፤ ከዚያ በኋላ ስድስት ወር ይተኛ። አንድ ጨዋታ ነው የቀረው፣ ሲና። አንድ።»

ሲና ወደ ስክሪኗ ዞረች። የቀረውን ሥራ ጨርሳ፣ ሁሉንም በሥርዓቱ ልካ ወደ ቤቷ ሄደች።

እናቷ ወይዘሮ ገዲሴ ግቢው ውስጥ ልብስ ያጥፋሉ። አባቷ ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ሲና ከእናቷ ጎን ቆማ አንሶላውን በሌላው ጫፍ ያዘችላቸው።

«እማዬ፣ አባቢ የወደቀ ዕለት፣ አብረውት የነበሩት ሰዎች መጥተው ነግረውሽ ነበር?»

«ያን ዕለት? ማን ይነግረኛል?» ወይዘሮ ገዲሴ አንሶላውን ወጠር አደረጉት። «የሰማሁት ከወር በኋላ ነው፤ ሊጠይቁት ሲመጡ። አንዱ እየሳቀ ‹የእኔን ግድግዳ እኮ ገነባልኝ› ብሎ አወራ። ሳቁ መሐል ላይ ነው ነገሩ የገባው። አቋረጠና አለቀሰ።»

«ተቀየምሻቸው?»

«ለምን እቀየማለሁ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ? የገባው ሰው አልነበረም። ያልገባውን ሰው ምን ትዪዋለሽ?» አንሶላውን ከእጇ ተቀብለው አራት አጠፉት። «ገብቶት ዝም ያለ ቢኖር ግን፣ እሱን እንጃ።»

አቶ ዳዲ ከተቀመጡበት ሆነው «ስለ ማን ነው የምታወሩት?» አሉ።

«ሥራ ቦታ ስለማውቀው አንድ ሰው ነው፣ አባቢ።»

«ደህና ነው?»

«አላወቅኩም» አለች ሲና።

በማግስቱ ቢሮ ገብታ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ኮምፒውተሩን ከፈተች። ክለቡ ውስጥ ቪዲዮ የሚቀበላቸው ኬቨን የሚባል ሰው ነው፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ከ«ደርሷል» እና ከ«ይህ ቁራጭ አልተከፈተም» በቀር ተጻጽፈው አያውቁም። አጭር አድርጋ ጻፈችለት። ሰባ አንድ ቁጥር በሦስተኛው ሩብ ጭንቅላቱን ከተመታ በኋላ የተሳሳተ ቦታ ቆሟል፤ ጓደኛው ነው የመለሰው፤ ቀጥሎ ያሉትንም ተመልከቱ። ሐኪም አይደለሁም። ቁራጮቹን አያይዛ ላከችው። ከዚያ እንግዳ ዘንድ ሄዳ እንደላከች ነገረችው።

እንግዳ መነጽሩን አወለቀ። ሲቆጣ ድምፁ ከፍ አይልም፤ እንዲያውም ይወርዳል።

«ትናንት የነገርኩሽ ምን ነበር?»

«አስታውሳለሁ።»

«አስበሽበት ነው ያደረግሽው ማለት ነው።»

«አዎ።»

«ለዚህ ቢሮ የሚመጣውን ሲመጣ እናየዋለን። ሁለተኛ እኔን አልፈሽ ደንበኛ ጋ ብትጽፊ ግን እዚህ አትቀጥዪም። ተግባባን?»

«ተግባብተናል።»

ማምሻው ላይ ከኬቨን መልስ መጣ። «ደርሷል። አመሰግናለሁ» ይላል። ሌላ ነገር የለውም። ሐሙስ ዕለት ግን ክለቡ ለፍጻሜ የሚሰለፉትን ሲያሳውቅ የዶውሰን ስም አልነበረበትም። «በሕክምና ምክንያት» ተብሏል። ሚኪ ስልኩ ላይ አነበበው፤ ቀና ብሎ ሲናን አያት፤ ማዳመጫ በማያስፈልግበት ሥራ ላይ ማዳመጫውን አጠለቀ። ከዚያ በኋላ እህ አይላት፣ ቡና እንውጣ አይላት። ሌሎቹም ነገሩን ሰሙት። የሚሰድባት አልነበረም፤ ስትገባ ግን ወሬው ዝቅ ይላል።

ፍጻሜው ቅዳሜ፣ በእኛ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ነበር። ቢሮው ውስጥ ተሰብስበው ሊያዩ ተስማምተዋል፤ ሲናን አልጠሯትም፣ አትምጪም አላሏትም። እሷ ቤቷ ቀረች። ዝናብ ጀምሯል፤ መብራት እንዳይጠፋ እየተሳቀቀች ላፕቶፗን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ከፈተችው። አባቷ ወንበራቸውን አስጠግተው አጠገቧ ተቀመጡ።

ጨዋታውን በድምፅ ስታየው የመጀመሪያዋ ነበር። ሕዝቡ ይጮኻል፣ ጥሩምባ ይነፋል፤ ሁለት ሰዎች ሳያቋርጡ ያወራሉ። ኳሷ ስትነሳ አጥሮቹ ከተጋጣሚያቸው ጋር ሲላተሙ የሚሰማው ግን ከሁሉም የተለየ ነበር፤ ድንጋይ የጫነ መኪና ሲገለብጥ የሚሰማው ዓይነት። ወይዘሮ ገዲሴ ከጓዳ ብቅ አሉ።

«ሲና! ይሄንን ነው ቀኑን ሙሉ የምታዪው?»

«እዚያ ድምፅ የለውም፣ እማዬ።»

«ጌታ ሆይ» አሉና ተመለሱ።

ሚኪ የፈራው አልቀረም። በዶውሰን ቦታ የቆመው ከኮሌጅ የወጣ ዓመት ያልሞላው ልጅ ነበር፤ ፊቱ ያለው ሰው እንደ በር ይከፍተዋል። ሒሳብ አስተማሪው ወርዋሪ መሬት ላይ ሲወድቅ፣ ሲነሳ፣ ሲወድቅ የመጀመሪያው አጋማሽ አለቀ። አሥራ ሦስት ለባዶ ተመርተዋል፤ ያውም ተጋጣሚያቸው ዋንጫውን ሁለት ዓመት በተከታታይ የወሰደ ክለብ ነው። ሲና ድምፁን ቀነሰችው። ለሳቢሳዎቹ አዝና አልነበረም። ሐይቅ ዳር ያለችውን ያቺን ከተማ አስባ፣ በእሷ ሁለት መስመር የተነሳ ስንት ሰው ዛሬ ፊቱ ጠቁሮ እንደሚያድር ነው የመጣባት።

ካሜራው አንድ ጊዜ ጠርዙ ላይ የቆሙትን አሳየ። ኮፍያ ያደረገ፣ ጢሙ መሸበት የጀመረ ግዙፍ ሰው፣ እጆቹን አጣጥፎ ቆሟል። ስሙ ከሥሩ ተጻፈ። ሲና ወደ ፊት ጠጋ አለች። ፊቱ ካሰበችው ይልቅ ልጅ ይመስላል። ተናዷል።

«ይሄ ሰውዬ ለምን አይጫወትም?» አሉ አቶ ዳዲ።

«ጭንቅላቱን ተመትቶ።»

አባቷ ሰውየውን ትክ ብለው አዩት። «የቆመውስ ጥሩ ነው» አሉ። ከዚያ ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመሩ።

ከእረፍት በኋላ ዶውሰን ያ ልጅ የተቀመጠበት ሄዶ ፊቱ ተንበረከከ። ይምከረው፣ ይቆጣው አይታወቅም፤ ብቻ እጁን እያወናጨፈ፣ ወዲያ ወዲህ እያመላከተ ረጅም ነገር ተናገረ። ልጁ ተመልሶ ሲገባ ተአምር አልሠራም። ሦስት ጊዜ ቢሸነፍ ሁለት ጊዜ መከተ፤ ለወርዋሪው ግን ያቺ በቂ ሆነች። ሩቅ የማይወረውረው ሰው ቅርብ ቅርቡን እያቀበለ፣ እየቆረሰ እየቆረሰ ሜዳውን አቋረጠ። አንድ አገቡ፤ ሰባት ነጥብ። ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድበው ድምፁ ጠፋ፤ ኔትወርኩም ተቋረጠ። ሲመለስ ሳቢሳዎቹ አሥራ አራት ለአሥራ ሦስት እየመሩ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ተቃርቦ፣ ተጋጣሚው ኳሷን በእግሩ መትቶ በሁለቱ ቋሚ ብረቶች መሐል በማሳለፍ ሦስት ነጥብ ሊያገኝ ተሰናድቷል። ከገባች አበቃ። መቺው መታት። ቀጥ ብላ ሄደች፤ የግራውን ቋሚ ብረት ነካችና ወደ ሜዳው ተመለሰች።

እንዲህ ነው ያሸነፉት። ብረት ነው የመለሰላቸው።

ስልኳ ጮኸ። ሚኪ ነበር። ከኋላው ቢሮው በሙሉ ይጮኻል፤ የሚኪ ድምፅ ታፍኗል። «አሸነፍን! ሲና፣ አየሽ? አሸነፍን እኮ! ብረቱ! አየሽ ብረቱን?»

«አየሁ።»

ያኔ እንደማያናግራት ትዝ ያለው ይመስላል። «በይ እሺ» ብሎ ዘጋው።

ሲና ስክሪኑ ላይ ነጭ ማልያ ለባሾቹን አንድ በአንድ እያየች ዶውሰንን ፈለገችው። ይተቃቀፋሉ፣ መሬት ላይ ይንከባለላሉ፤ አስተማሪውን ትከሻቸው ላይ ተሸክመውታል። እሱ ግን ዋንጫው ከመነሳቱ በፊት ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ተራ ነገር ነው። ሰኞ ዕለት የፍጻሜው ቪዲዮ እንደ ሌላው ሁሉ ያለ ድምፅ መጣ፤ ሲና አምስቱን ጀርባዎች እንደ ወትሮዋ መዘገበች፤ ለልጁም የሚገባውን ያህል ዝቅተኛ ነጥብ ሰጠችው። ክለቡ ለሚቀጥለው ዓመት ውሉን አደሰ። እንግዳ ኬክ አስመጣ። ስለ መልእክቱ ማንም አላነሳም፤ ያመሰገነም፣ የወቀሰም የለም። ዶውሰንን ግን ክለቡ እንደማያስቀጥለው ተነገረ።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ ምሳ ሰዓት፣ ሚኪ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አቁሞ የዶውሰንን ቃለ ምልልስ ከፈተ። ከሲና ጋር ሰላምታ ጀምረው ነበር፤ ከሰላምታ ያለፈ ግን አልነበረም። ለእሷ ብሎ አልከፈተውም። እሷም ቀና አላለችም፤ ድምፁን ግን ሰማችው። ወፍራምና ዘገምተኛ ድምፅ ነው።

ዶውሰን ተቆጥቶ ነበር የሚያወራው። ዓሥር ዓመት ለፍቶ አንድ ፍጻሜ እንዳገኘ፣ እሱንም ቆሞ እንዳየው ተናገረ። ማን እንደሆነ የማያውቀው አንድ ሰው ቪዲዮ አይቶ በተናገረው ነገር ምክንያት እንዳስቀሩትም ጨመረ። «ደህና ነበርኩ» አለ። «ከፍጻሜው በፊት የነበረውን ጨዋታ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስታውሰዋለሁ። የመጨረሻዋን ግብ እንኳ ንገረኝ ካልከኝ እነግርሃለሁ። ሯጩ በግራ፣ በእኔ ጀርባ በኩል አልፎ ነው የገባው። ቀዳዳውን የከፈትኩለት እኔ ነኝ።»

ሚኪ ሹካውን እንደያዘ ቆመ።

«ሩጫ አልነበረም እኮ» አለ፤ ለማንም አይደለም የሚናገረው። «ውርወራ ነው። በሁለት ሰው ጭንቅላት ላይ… መቶ ጊዜ ነው ያየሁት።» ወደ ኋላ መልሶ ሰማው። ሰውየው ያንኑ ደገመ፤ ሳያመነታ፣ እርግጠኛ ሆኖ፣ ዝርዝሩን ጨምሮ። ጠያቂውም ልብ አላለም፤ ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈ።

ሚኪ ስልኩን በፊቱ ደፋውና ሲናን አያት። ሲና ምግቧን አስቀምጣለች። ደስ አላላትም፤ ልክ ነበርኩ የሚል ነገር አልመጣባትም። አንድ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ ያልሆነ ግብ አስቦ፣ በእሱ እየተጽናና እንደሆነ ነው ያሰበችው። የነገረውም ሰው የለም።

«ልንጽፍለት ነው?» አለ ሚኪ።

«ለማን?»

«እንጃ። ለእሱ። ለኬቨን።»

«ሐኪሞቹ ያውቁታል። እሱን ደግሞ ምን ብለህ ትነግረዋለህ?»

ሚኪ ጠርሙሱን አንስቶ ለእሷም ብርጭቆዋ ላይ ውሃ ቀዳላት። ከዚያ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ «ለሚመጣው ዓመት አጥሮቹን እንካፈል» አለ። «አምስት ሰው ለአንድ ዓይን ይበዛል። ሁለቱን ለእኔ ስጪኝ።»

«ኳሷስ?»

«ኳሷን ማንም ያያታል።»

«ለእንግዳ ንገረው» አለች ሲና። «እኔን አልፈሽ አትሂጂ ብሎኛል።»

ሚኪ ሳቀ፤ እሷም ሳቋ መጣ። ሰሃናቸውን ይዘው ተነሱ። ከሰዓት በኋላ የሚጠብቃቸው የሌላ ክለብ ቪዲዮ ነበር።